4.3 ሰው ማለት አባት፣ እናትና ሁለት ልጅ ማለት አይደለም

ሰሞኑን ስለ አማራ ክልል የሕዝብና የቤተሰብ ብዛት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። እኔም አነበብኩት። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። በክልሉ ገጠር በየቤቱ ሰባት ስምንት ልጅ አለ። ሕዝቡ በ25 ዓመት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የ1999ኙ ቆጠራ «በአንድ ቤተሰብ በአማካይ 4.3 ሰው ይኖራል» ማለቱ ሐሰት ነው። ቆጠራው ሐሰት ከሆነ ደግሞ ሌላ ቆጠራ ማድረግ ገንዘብ ማባከን ነው፣ ግምት ይበቃል። በመሃል ስለ እማወራዎችና ስለ ክልሉ ነዋሪዎች ማንነት የተነሱ ነጥቦችም አሉ።

ጸሐፊው ለሕዝቡ እንደሚቆረቆሩ ከጽሑፋቸው ያስታውቃል። እኔም እቆረቆራለሁ። በግንቦት 1999 ቆጣሪ ሆኜ በአንድ የገጠር ቀበሌ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። ያንን ቅጽ በእጄ ሞልቼዋለሁ። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ላንሳ፣ የመጀመሪያው ላይ ግን ብዙ እቆያለሁ። የቀሩት ስህተቶች በሙሉ ከእሱ የመጡ ናቸው።

«4.3 ማለት አባት፣ እናትና ሁለት ልጅ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ገጠር ውስጥ የት አለ?» ይላሉ ጸሐፊው።

ችግሩ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። «ቤተሰብ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። አንደኛው የሥጋ ዝምድናው ነው። የተዳረችው ልጅ፣ አዲስ አበባ የገባው ልጅ፣ የትም ይኑሩ የት ቤተሰብ ናቸው። ሁለተኛው የቆጠራው ቤተሰብ ነው። እሱ ዝምድና አይጠይቅም። አብረው የሚኖሩና ከአንድ ማዕድ የሚበሉ ሰዎች አንድ ቤተሰብ ይባላሉ። ብቻዋን የምትኖር አሮጊትም ለቆጠራው ራሷን የቻለች አንድ ቤተሰብ ናት።

አንዲት እናት እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አይጠፉም። «እዚህ ቤት ስንት ናችሁ?» አልኳቸው። «ስምንት ወልጃለሁ» አሉኝ፣ ቀና ብለው። ከዚያ ቤቱ ውስጥ የሚያድሩትን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። እሳቸው፣ ባለቤታቸው፣ አንድ ወንድ ልጅና ሁለት ትንንሽ ሴቶች። አምስት ሰው ማለት ነው። ሁለቱ ትልልቅ ሴቶች ተድረዋል። አንዱ ልጅ ወረዳው ከተማ ቤት ተከራይቶ ይማራል። አንዱ አዲስ አበባ የቀን ሥራ ይሠራል። አንዱ በሕፃንነቱ ሞቷል።

«አምስት» ብዬ ስጽፍ አዩኝ። ፊታቸው ተለወጠ። «የቀሩትስ? የአንቺ አይደሉም ልትለኝ ነው?» አሉኝ።

እንደ እድል ሆኖ ያ ቤት የረጅሙ ቅጽ ተራ ደርሶት ነበር። ረጅሙን ቅጽ የምንሞላው ከአምስት ቤተሰብ ለአንዱ ነው። እሱ ላይ እናቶች ስንት እንደወለዱ፣ ስንቱ አብሯቸው እንደሚኖር፣ ስንቱ ሌላ ቦታ እንዳለ፣ ስንቱ እንደሞተ ይጠየቃሉ። ስምንቱንም አንድ በአንድ ጻፍኩላቸው። የሞተውንም ጭምር። እፎይ አሉ።

እንግዲህ በዚያ አንድ ቅጽ ላይ ስምንትም አለ፣ አምስትም አለ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ስምንቱ የእናቲቱ ወሊድ ነው። አምስቱ የቤቱ ነዋሪ ነው። ጸሐፊው ስምንቱን ይዘው አምስቱን ሐሰት ነው ይላሉ።

አማካዩ ላይም እንቆይ። አንድ ትንሽ መንደር እናስብ። ሰባት ቤት አለው። በመጀመሪያው ቤት አዲስ ተጋቢዎች አሉ፣ ሁለት ሰው። በሁለተኛው ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን ትኖራለች። በሦስተኛው ባልና ሚስት ከአምስት ልጆች ጋር፣ ሰባት ሰው። በአራተኛው ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር፣ አምስት። በአምስተኛው አያት ከአንድ የልጅ ልጅ ጋር፣ ሁለት። በስድስተኛው ባልና ሚስት ከስድስት ልጆች ጋር፣ ስምንት። በሰባተኛው እንደገና አምስት። ደምሩት፣ 30 ሰው ይሆናል። ለሰባት ቤት ሲካፈል 4.3 ገደማ ይመጣል።

ከሰባቱ ቤቶች በአንዱም አባት፣ እናትና ሁለት ልጅ የሉም። ሁለት ቤቶች ግን ሞልተዋል። ከ30ው ሰው 15ቱ የሚኖሩት በእነዚያ ሁለት ቤቶች ነው። ከ18ቱ ልጆች 11ዱ ያሉት እዚያው ነው።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ጸሐፊው «ገጠር ያደጉ ወዳጆቼን ጠየቅኩ፣ ሁሉም ከሰባትና ከስምንት ልጅ ቤት የመጡ ናቸው» ብለዋል። አምናቸዋለሁ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሁልጊዜም የሚያገኘው ይህንኑ መልስ ነው። ልጆችን ከጠየቅን ብዙ ልጅ ያለበት ቤት ብዙ ጊዜ ይመልስልናል። አዲስ ተጋቢዎቹ ገና ልጅ የላቸውም፣ ስለዚህ ስለ ቤታቸው የሚነግረን ልጅ የለም። ብቻዋን ያለችው ሴትም እንደዚያው ናት። ቆጣሪ ግን የሁሉንም በር ያንኳኳል። ልዩነቱ ይህ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ቁጥር እንምጣ። በ1999 በክልሉ 17,221,976 ሰው ተቆጠረ። የቤተሰቡ ብዛት 3,983,768 ነበር። ሲካፈል 4.3 ነው። በገጠር 4.5፣ በከተማ 3.3። በወቅቱ ከክልሉ ሕዝብ ከተሜው 12 በመቶ ገደማ ብቻ ስለነበር አማካዩ ወደ ገጠሩ አዘንብሏል። እዚህ ላይ የሚያስደነግጥ ነገር አላየሁም።

እንዲያውም የቤቱ ማነስ ደስ የማይል ምክንያትም አለው፣ እሱን ጸሐፊው አላነሱትም። በ2003ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የክልሉ ሴቶች ግማሾቹ 15 ዓመት ሳይሞላቸው አግብተው ነበር። መካከለኛው የጋብቻ ዕድሜ 14.7 ነው። ልጅ በ14 ዓመቷ ስትዳር ከእናቷ ቤት አንድ ሰው ይቀንሳል። ሌላ ቦታ ደግሞ ሁለት ሰው ያለበት አዲስ ጎጆ ይወጣል። በሁለቱም በኩል አማካዩ ዝቅ ይላል። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። ብዙ ሴቶች ግን ሕጉ ሳይደርስላቸው ተድረዋል። ስለዚህ 4.3ን ሐሰት ነው የሚሉትን ብቻ ሳይሆን የሥልጣኔ ምልክት ነው የሚሉትንም ቆም በሉ እላለሁ። ቁጥሩ ዝቅ ካለባቸው ምክንያቶች አንዱ በልጅነታቸው ተድረው ከቤት የወጡ ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው ነጥብ «የክልሉ ሴት ዛሬም ሰባት ስምንት ትወልዳለች» የሚለው ነው።

ይህ የእናቶቻችን ታሪክ ነው። የዛሬዎቹ ሴቶች ታሪክ ግን ተለውጧል። በ1992ቱ ዳሰሳ አንዲት የክልሉ ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች በአማካይ 5.9 ነበሩ። በ1997 5.1 ሆነ። በ2003 4.2። በ2008 ደግሞ 3.7። በዚያው በ2008 የአገሪቱ አማካይ 4.6 ነበር፣ የሶማሌ ክልል 7.2፣ የአዲስ አበባ 1.8። አብዛኛው ሕዝቡ ገጠር በሚኖርበት ክልል በ16 ዓመት ውስጥ ከሁለት ልጅ በላይ መቀነስ ትልቅ ለውጥ ነው። እንዲህ ያለውን ለውጥ ያላየ ጽሑፍ ስለ ክልሉ ሕዝብ ብዙ አይነግረንም።

ለውጡ ከሰማይ አልወረደም። በ1995 አካባቢ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠራ፣ ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎች ተመደቡ። ከቤት ቤት እየዞሩ አስተማሩ። በየሦስት ወሩ የሚወሰደው የወሊድ መከላከያ መርፌ ጤና ኬላው ድረስ መጣ። በኋላም በክንድ የሚቀበረው መጣ። በ1992 በክልሉ ካገቡ ሴቶች ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት ከመቶ አሥር አይሞሉም ነበር። በ2008 ከመቶ 47 ደረሱ። ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር፣ ከአዲስ አበባም ብዙ አይርቅም።

መርፌውን ለመውሰድ ሁለት ሰዓት በእግር ሄደው የሚመጡ ሴቶች አውቃለሁ። ከባላቸው ደብቀው የሚሄዱም አሉ። «የገጠር ሴት ስለ ነገ አታስብም» የሚለው የጽሑፉ ዐረፍተ ነገር በጣም ያሳዘነኝ ለዚህ ነው። ታስባለች። ከማሰብም አልፋ በእግሯ ትሄዳለች።

ጸሐፊው እውነት የተናገሩበት ቦታ አለ፣ የመሬቱ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ እስማማለሁ። በ1989 በክልሉ ብዙ ቦታዎች መሬት እንደገና ተደለደለ። ያኔ ሕፃን የነበረ ሁሉ ከዚያ በኋላ እንዲያ ያለ ድልድል አላየም። አድጎ ጎጆ ሲወጣ የሚያርሰው ከአባቱ የተቆረሰ ቁራሽ ነው። ወይ በእኩል ያርሳል፣ ወይ ይሰደዳል። ይህ ጭንቀት እውነተኛ ነው። ግን ጭንቀቱን ለማስረዳት በየቤቱ ስምንት ልጅ መፍጠር አያስፈልግም። ሦስት ልጅ ያለው ገበሬም ግማሽ ሄክታሩን ለሦስት ማካፈል አይችልም። ብዙ ገበሬዎች የሚወልዱትን ልጅ ቁጥር የሚቀንሱትም ይህንኑ አይተው ነው።

ሦስተኛ፣ «በ25 ዓመት እጥፍ ይሆናል» የሚለው።

ለእንዲህ ያለ ስሌት ቀላል ዘዴ አለ። 70ን በዓመታዊው የዕድገት መጠን ማካፈል ነው። በ25 ዓመት እጥፍ ለመሆን ሕዝቡ በዓመት 2.8 በመቶ ማደግ አለበት። ክልሉ በ1987ቱ ቆጠራ 13.8 ሚሊዮን ነበር። በ1999 ወደ 17.2 ሚሊዮን ደረሰ። ይህ በዓመት 1.7 በመቶ ነው። በዚህ ፍጥነት እጥፍ ለመሆን 41 ዓመት ይወስዳል። በዚያው ጊዜ የአገሪቱ ዕድገት 2.6 በመቶ ነበር። ጸሐፊው የአገሪቱን ፍጥነት ወስደው ለክልሉ የሰጡት ይመስለኛል።

«ወሊድ ከቀነሰ ታዲያ ሕዝቡ ለምን ይጨምራል?» የሚለው ጥያቄያቸው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ይጠይቀዋል። መልሱ ያለው በዕድሜ ላይ ነው። በ1999 ከአገሪቱ ሕዝብ 45 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ነበር። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ወላጆች ናቸው። እናት ስድስት ወልዳ ነበር እንበል። ሦስቱ ሴቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው ሦስት ብቻ ቢወልዱ እንኳ ዘጠኝ የልጅ ልጅ አለ። የእያንዳንዷ ወሊድ በግማሽ ቀነሰ፣ የተወለደው ሕፃን ግን ጨመረ። የወላጆቹ ቁጥር ራሱ ስለበዛ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ወንዙ ሞልቶ እንደሚቆየው ማለት ነው። ስለዚህ ወሊድ መቀነሱና ሕዝብ መጨመሩ አይጣሉም። አንዱን ይዞ ሌላውን ሐሰት ማለት አይቻልም።

የእማወራዎቹ ነገር። ጽሑፉ «ከአራት ቤት አንዱ በሴት መመራቱ ትዳር መፍረሱን ያሳያል፣ ይህም በቅርብ ዓመታት የመጣ ነው» ይላል።

በቅርብ የመጣ አይደለም። በአገር አቀፍ ደረጃ በ1992ቱም ዳሰሳ፣ በ2008ቱም ዳሰሳ በሴት የሚመሩ ቤቶች ሩብ ገደማ ናቸው። ቁጥሩ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ደግሞስ እማወራ ማን ናት? ባሏ የሞተባት አለች። የፈታች አለች። ባሏ ለሥራ ርቆ የሄደባት አለች። ከተማ ውስጥ ተከራይታ በደሞዟ የምትኖር ያላገባች ወጣትም ለቆጠራው እማወራ ናት። ይህን ሁሉ «የፈረሰ ትዳር» ብሎ መጥራት በደል ነው።

ቆጣሪ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባል እያለ «የቤቱ ኃላፊ ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ቤቱን በሙሉ የምታስተዳድረው ሚስት ብትሆንም መልሱ «እሱ ነው» ነው። ሴትየዋ ራሷ ናት እንዲህ የምትለው። ስለዚህ ይህ ቁጥር ቢሳሳት የሚሳሳተው ወደ ማነሱ ነው። ሌላም ነገር አለ። በክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፋል። ሴት ስትፈታ ወይም ባሏ ሲሞት ባዶ እጇን ወደ አባቷ ቤት እንዳትመለስ ያደርጋታል። በራሷ መሬት ላይ በራሷ ጎጆ ትኖራለች። ቆጣሪው ሲመጣም እማወራ ተብላ ትጻፋለች። ይህን እንደ ጥፋት የሚያይ ሰው ካለ፣ እኔ አልስማማም።

አምስተኛውን ባጭሩ። ጸሐፊው «17.2 ሚሊዮን አማራ» ይላሉ። የክልሉ ሕዝብና የብሔሩ ብዛት አንድ አይደሉም። በዚያው ቆጠራ ራሱን አማራ ያለው ሕዝብ በአገሪቱ በሙሉ ወደ 19.9 ሚሊዮን ነው። በክልሉ ውስጥ ከሚኖረው ደግሞ 91.5 በመቶ ገደማው ነው አማራ። የቀሩት አዊዎች፣ ኽምራዎች፣ ኦሮሞዎች፣ አርጎባዎችና ሌሎችም ናቸው። አዊ፣ ዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የክልሉ ዞኖች ናቸው። እነሱን ከቁጥሩ ውስጥ አስገብቶ ከስሙ ማውጣት ተገቢ አይደለም። አንድ ትንሽ እርማትም ልጨምር። በ1999 ከክልሉ ከተሞች በሕዝብ ብዛት ትልቋ ጽሑፉ እንዳለው ባሕር ዳር አይደለችም። ጎንደር ነበረች፣ 207,044 ሰው ይዛ። ባሕር ዳር 155,428 ነበራት።

በመጨረሻ ከባዱ ነጥብ፣ የ2.4 ሚሊዮኑ። የቆጠራው ውጤት ሲወጣ የክልሉ ቁጥር አስቀድሞ ከተገመተው በ2.4 ሚሊዮን ገደማ አንሶ ተገኘ። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ጥያቄ አስነሳ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ያመዋል። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው «ቆጠራ አይታመንም፣ ግምት ይሻላል» ይላሉ።

ሕመሙን እጋራለሁ። መደምደሚያው ግን ተገልብጧል። ያ ግምት የተሠራው የ1987ቱን ቆጠራ መነሻ አድርጎ ነው። ከዚያ በኋላ ሴቶች ስንት ይወልዳሉ፣ ስንት ሰው ይሞታል፣ ስንት ሰው ከክልሉ ይወጣል የሚሉ ታሳቢዎች ተጨምረውበታል። ከእነዚህ አንዱ ቢስት ግምቱ በየዓመቱ ከእውነቱ እየራቀ ይሄዳል። በእነዚያ ዓመታት ወሊድ ከ5.9 ወደ 5.1 መውረዱን ከላይ አይተናል። ልዩነቱን በሙሉ በዚህ አልሸፍነውም። ሳይቆጠር የቀረ ሰው የለም ብዬም አልምልም። በክረምት መግቢያ ገደል ለገደል የሄድኩ ሰው ነኝና የሥራውን ክብደት አውቀዋለሁ። ነገር ግን ቆጠራ ተሳስቷል ብሎ የሚጠረጥር ሰው የሚጠይቀው የተሻለ ቆጠራ ነው። ግምትማ ያንኑ አሮጌ ቆጠራ ይዞ ወደፊት መቁጠር ነው። ለ2009 ዓ.ም. ክልሉ ከ21 ሚሊዮን በላይ ይሆናል የተባለውም መነሻው 1999 ነው። ጸሐፊው ያልወደዱት ቁጥር እዚያ ውስጥ አለ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። አራተኛው በ2010 መደረግ ነበረበት። ታብሌት ተገዝቶ፣ ዝግጅት ተደርጎ፣ ተራዘመ። በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከሰሜን ወሎና ከዋግ ኽምራ ብዙ ሰው ተፈናቀለ። በ2015 ማብቂያ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። የሞተውን፣ የተሰደደውን፣ ቀዬውን ለቆ ከተማ የተጠለለውን የትኛውም ግምት አያውቀውም። ጤና ኬላ የሚታቀደው ለአምስት ሺህ ሰው አንድ እየተባለ ነው። የፌዴራል ድጎማ ሲከፋፈል አንዱ መለኪያ የሕዝብ ብዛት ነው። ይህ ሁሉ ዛሬም የሚሠራው በዚያ በእርሳስ በሞላነው ቅጽ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ግንቦት 1999 እኔ ያንን ቀበሌ ጨርሼ ስወጣ አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች። «ይህንንም ጻፍልኝ» ብላኝ «ሲወለድ በሚቀጥለው ይቆጠራል» አልኳት። ያ ልጅ 18 ዓመት አልፎታል። እስከ ዛሬ አልተቆጠረም።